ቴትራድካ የጠፋችበት ዓርብ

በዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አንደኛው በጋሽ ራዶይ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው። «ስክሪፕቱን ማክሰኞ ጻፍኩ። አርባውም ኮምፒውተሮች ቴትራድካን በስሟ ጠርተው አገኟት። ዓርብ ጠዋት ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ እንጂ ችግሩ እስኪታይ ድረስ ፋይሉን አልነካሁም። ከእኔ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቷል።»

ሁለተኛው በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመ ነው። «ሐሙስ ከሰዓት ወንበር ደረደርን፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን አየን፣ ወጣን። ስክሪፕቱን አልከፈትንም። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስንመጣ ጋሽ ራዶይ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ አይተናል።» ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፤ የተማሪዎቹ የስቪለን እና የቦያና።

«ከሁለት አንዱ ውሸት ነው» አሉ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ቶንቼቫ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ወይ ሁለቱም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለትምህርት ቢሮው ሪፖርት እልካለሁ። ያኔ ሦስታችሁም እዚህ ትገናኛላችሁ። እስከዚያ የምትጨምሩት ካለ ጨምሩ።»

ቦያና ዓይኗን ከራሷ ፊርማ ላይ ማንሳት አቃታት። የፊርማዋ ጭራ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር የሚወጣው። እዚህ ግን ወደ ታች ወርዷል።

ጋሽ ራዶይ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ከያዙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ዓርብ ዕለት ከአምስት ትምህርት ቤቶች አርባ ተማሪዎች ለፕሮግራም ጽሕፈት ውድድር መጥተው ነበር። ጥያቄዎቹ የተቀመጡት ቴትራድካ በተባለች ማሽን ላይ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ደብተር ማለት ነው። ኮምፒውተር እርስ በርሱ የሚተዋወቀው በቁጥር ነው፤ ሰው ደግሞ ቁጥር አይያዝለትም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ አንድ ትንሽ አገልግሎት አለ፣ ጋሽ ራዶይ «ስም ፈቺው» የሚሉት። አንዱ ኮምፒውተር «ቴትራድካ የት አለች?» ብሎ ሲጠይቀው ቁጥሯን ይነግረዋል። ስም ፈቺው ይህን ከራሱ አያመጣም። ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር አንድ የማስጀመሪያ ስክሪፕት ያነባል፤ የማን ስም የትኛው ቁጥር እንደሆነ እዚያ በየመስመሩ በላቲን ፊደል ተጽፏል። አንዴ ያነበበውን ደግሞ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ይዞት ይቆያል።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ራዶይ እንደ ልማዳቸው ሰርቨሩን አጥፍተው አስነሱት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ስክሪኖች በአንድ ጊዜ «ቴትራድካ የምትባል አላውቅም» አሉ። ጋሽ ራዶይ ላብ በላብ ሆነው ስክሪፕቱን ከፈቱ፣ ቁጥሩን ቀየሩ፣ መለሱ፣ ሴቭ አደረጉ፣ ደግመው አስነሱ። በቁጥሯ እንዳይጠሯት፣ የውድድሩ ፕሮግራም የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ውድድሩ ሳይካሄድ የመንደሮቹ አውቶቡስ ልጆቹን ጭኖ ሄደ።

*

«ምን ሆነሽ ነው የተዘጋሽው?» አለ ስቪለን ደረጃው ላይ ሲደርሱ። ከዘጠነኛ ክፍል እንደሱ ፈጥኖ ፕሮግራም የሚጽፍ የለም፤ እንደሱ ፈጥኖ የሚያወራም የለም።

«ስክሪፕቱን አልከፈትንም ብለን ፈርመናል።»

«እና?»

«ከፍተናል፣ ስቪለን።»

«ተይ ባክሽ፣ አታካብጂ! ከፈትን፣ ሳቅን፣ መለስነው። በር ከፍተሽ መልሰሽ ከዘጋሽው ያው ዝግ ነው።»

«ዝግ ነው። አልተከፈተም ግን አይባልም።»

«እሺ ጠበቃ!» ብሎ እጅ ነሳት። አንጓው ላይ ያሰራት፣ በመጋቢት ለመልካም ዕድል የምትታሰር ቀይና ነጭ የማርታ ክር ተንጠለጠለች። «የኮምፒውተር ክበባችን ግድግዳ ላይ ምን እንደተለጠፈ ታውቂያለሽ። ‹ሰርቨሩን ያለ ፈቃድ የነካ ከቡድኑ ይወጣል።› የቡርጋሱ ውድድር በቃ! ቻው! ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ቀልድ?»

ቀልዱ እንዲህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ራዶይ ገመድ ሊያመጡ ወደ ዕቃ ቤት ሲወርዱ፣ ስቪለን ወንበራቸው ላይ ዘፍ አለ። ስክሪፕቱን ከፍቶ በላቲን ፊደል tetradka ተብሎ ከተጻፈው ስም የመጨረሻዋን ፊደል፣ «አ»ን አጠፋና በቦታዋ «ኦ» ጻፈ። ቴትራድካ ቴትራድኮ ሆነች፤ የማሽን ስም መሆኗ ቀርቶ የሆነ መንደር ዘበኛ መሰለች።

«ተዋወቂው፣ ቴትራድኮ ራዶዬቭ! ጡረታ የወጣ ሰርቨር! ጠዋት ጠዋት ወገቡን ያመዋል!»

ቦያና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ስቪለን ስክሪኑ ጥግ ላይ በከፈተው የመልእክት ሳጥን እናቱ ጻፉለት፣ ዳቦ ገዝተህ ና ብለው፤ እሱም እዚያው ላይ መለሰላቸው። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ ቦያና በትከሻው ላይ ተንጠራርታ «ኦ»ን አጠፋች፣ «አ»ን ጻፈች፣ ሴቭ አደረገች፣ ዘጋች። ጋሽ ራዶይ ሲገቡ ሁለቱም ወንበር ይደረድሩ ነበር።

መልሼዋለሁ ብላ ነበር የፈረመችው። እኛ ሳንነካው በፊት እንደነበረው ነው፣ ስለዚህ ብልሽቱ ከሌላ ቦታ ነው ብላ። ችግሩ፣ ያ ሌላ ቦታ የት እንደሆነ እስካሁን ማንም አላገኘውም። ካልተገኘ ደግሞ የሚወድቀው ሽማግሌው ላይ ነው። ኮንትራታቸው በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ዘንድሮ የሚያድስላቸው አይኖርም።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ስቪለን።

«ልፈልገው።»

«ምኑን?»

«የተበላሸውን።»

*

የጋሽ ራዶይ ክፍል ከደረጃው ሥር ነው። ድሮ ከሰል ይከመርበት ነበር ይባላል፤ አሁን የተከመረው ገመድ ነው። እሳቸው ዳቦ ላይ የቃሪያ ድልህ እየቀቡ ምሳቸውን ይበላሉ።

«ጋሽ ራዶይ፣ ስክሪፕቱን ልየው?»

«መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ልጄ። የእኔ ዓይን ለምዶታል፤ አንቺ እዪው።» ተነስተው ወንበሩን ለቀቁላት። «በመጀመሪያ ግን ያዢ፣ ብዪ። የራበው ሰው ነጠላ ሰረዝ አይታየውም።»

ዳቦውን ተቀበለች፤ አንዴ ነክሳ ከኪቦርዱ አጠገብ አኖረችው። ወንበሩን ለቀው ቆመው ሲበሉ ማየት ከበዳት።

ከላይ ጀምራ አነበበች። ሠላሳ አንድ መስመር ነው። የአታሚው ስም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማሽን ስም፣ የመምህራን ክፍል። ዘጠነኛው መስመር ላይ ቴትራድካ፣ ከጎኗ ቁጥሯ። ቁጥሩን ማሽኗ ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያየችው፤ ልክ ነው። ስሟን ፊደል በፊደል በጣቷ እየነካች አነበበች፤ ልክ ነው። አስነሳችና ጠየቀችው። «ቴትራድካ የምትባል አላውቅም» አለ ስም ፈቺው።

«ግትር ነው» አሉ ጋሽ ራዶይ። «በዚህ በዚህስ ሚስቴን ይመስላል።»

ቦያና ከዘጠነኛው መስመር ሥር አዲስ መስመር ከፈተች። ያንኑ ስም፣ ያንኑ ቁጥር ራሷ ጻፈች። አስነሳችና ጠየቀች። ስም ፈቺው ቁጥሩን ነገራት።

ጋሽ ራዶይ ዳቦውን አስቀመጡ። «አጥፊው እስቲ አዲሱን።»

አጠፋችው። አላውቅም አለ። መለሰችው። አወቀ።

«መስመሮቹ እኮ አንድ ናቸው!» አለች። አንዱ ከሌላው ሥር ተቀምጠዋል፣ መንትያ ይመስላሉ።

«አንድ ቢሆኑ አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር። ማሽን ሰው አያበላልጥም።» ከኪሳቸው ጠርዙ የተበላ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «እኔ ፋይል ስዘጋ ክብደቱን እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ከስሙ ጎን በቁጥር የሚያሳየውን የፋይሉን መጠን። ፖስታ ቤት የጽሕፈት መኪና ስጠግን የለመድኩት ነው፣ ዕቃ ስትረከቢ መዝነሽ ነው። ይኸው፣ ማክሰኞ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። አዲሱን መስመር አጥፊና የዛሬውን ንገሪኝ።»

«አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት።»

«አንድ ተርፏል» አሉ ጋሽ ራዶይ።

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አንድ ትርፍ ነገር ሊሆን የሚችለው አንድ ፊደል፣ ወይ አንድ ነጥብ፣ ወይ አንድ ባዶ ቦታ ነው። ቦያና በየመስመሩ መጨረሻ ባዶ ቦታ ፈለገች። የለም። ነጥቦቹን ቆጠረች። ልክ ናቸው። ለአፍታ ተስፋ ቆርጣ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች፤ ደወሉ ተደወለ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጀመረ፣ እሷ ግን አልተነሳችም።

«ለሒሳብ ቲቸር ከእኔ ጋር ነበረች እላለሁ» አሉ ጋሽ ራዶይ፣ ሳትጠይቃቸው።

ዘጠነኛውን መስመር ብቻውን ወደ ሌላ ፋይል ገለበጠችው። ከዚያ አንድ ፊደል ከመጀመሪያው አጠፋችና መዘነችው። አንድ ቀነሰ። ሌላ አጠፋች። አንድ ቀነሰ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቀነሰ። ከስሙ ስምንተኛዋና የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ስትደርስ ቁልፉን ተጫነችና መዘነች።

ሁለት ቀነሰ።

«ጋሽ ራዶይ።»

«አየሁ።»

«አንዷ ፊደል የሁለት ትመዝናለች።»

ጋሽ ራዶይ አገጫቸውን አሻሹ። ከዚያ በቀስታ ሳቅ ጀመራቸው፤ መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው። «የላቲን ፊደል አንድ ነው የሚመዝነው። ሁለት የምትመዝነው የኛዋ፣ የሲሪሊኳ ናት! የኛዋ ‹አ›! ላቲን መሃል ገብታ ላቲን መስላ ተቀምጣለች!» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ክብ ሆድ፣ ትንሽ ጭራ፤ እናቷም አትለያት። አርባ ልጆች ወደ ቤታቸው የመለሰችው ይቺ ናት እንግዲህ! ማሽኑ እኮ እውነቱን ነበር። በዚህ ፊደል የተጻፈች ቴትራድካ ሌላ ሰው ናት፤ ልጆቹ የሚጠሯት ግን ሁሉም በላቲን ነው።»

ቦያናም ሳቀች። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ሳቋን ግን አልጨረሰችም።

ሽማግሌው መሳቃቸውን አቆሙና ሁለት እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። ጣቶቻቸው የጽሕፈት መኪና ላይ እንደለመዱት ተቀመጡ። «እኔ በኛ ፊደል ስጽፍ ‹አ›ን የማገኛት እዚህ፣ በመሃል ጣቴ ነው። የፖስታ ቤቱ የጽሕፈት መኪና የቁልፍ አደራደር ነው። የላቲኗ ደግሞ እዚህ ዳር ናት፣ ትንሿ ጣት ሥር። ኪቦርዱ በኛ ፊደል ላይ እንዳለ ተሳስቼ ይህቺን ዳር ያለችውን ብመታ ሌላ ፊደል ነው የሚወጣልኝ፤ ወዲያው አየው ነበር።» ጣታቸውን ዳር ባለችው ቁልፍ ላይ አሳረፉ። «‹አ› እዚህ ዳር የምትወጣው እናንተ ልጆች በምትመርጡት አደራደር ነው። የላቲኑን ቦታ ተከትሎ በተደረደረው።»

ቦያና የግራ እጇን ትንሽ ጣት አየች።

ስቪለን ለእናቱ ሲመልስ የጻፈው በራሳቸው ፊደል ነው፤ ኪቦርዱን በልጆቹ አደራደር ቀይሮ። ከዚያ ማንም አልመለሰውም። ከዚያ እሷ ተንጠራራች። ስቪለን ቀለደ፤ «ኦ»ው ግን የላቲን ነበር፣ ደግሞም ጠፍቷል። አሁንም ድረስ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠችውን ፊደል የጻፋት፣ ሊያስተካክል የገባው የእሷ ጣት ነው።

«ይህን ጽፌ ለዳይሬክተሯ እሰጣለሁ» አሉ ጋሽ ራዶይ ወደ ገመዶቹ እያዩ። «የወጣት አጻጻፍ ነው እላለሁ። ስም አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ስም መፍታት የማሽኑ ሥራ ነው። ክበቡ ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች አላችሁ፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን ሰው አልጠራም።» የተነከሰውን ዳቦዋን አንስተው በወረቀት ጠቀለሉላት። «ሂጂ፣ የቀረሽን ሒሳብ ተማሪ። በርቺ፣ ጎበዝ ነሽ። ይህን አንድ ሰው አገኘው ብዬም እጽፋለሁ።»

ቦያና ዳቦውን ይዛ ሄደች።

*

ስቪለን ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ኪዮስክ አይብ የተጠቀለለበት ባኒጻ ገዝቶ፣ ቅባቱ በጣቱ እየወረደ ይበላ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ማኘኩን አቆመ።

«ማለት… እኔ ‹ኦ› ነው የጻፍኩት። እኔ ነጻ ነኛ!» ለመሳቅ ሞከረ። ፊቷን ሲያይ ተወው። «የኛ ‹አ›? ሙት በይ?»

«ሙት።»

«አቤት ጣጣ!» ወረቀቱን ጨምድዶ በእጁ ያዘው። «ስሚኝ፣ ቦያና። ሽማግሌው ስም አልጽፍም ካለ አልቋል። ከአሥራ ሁለት ልጆች የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? እሱ ይድናል፣ እኛም እንድናለን።»

«ሁለታችንም ፈርመናል። እሳቸው ሲጽፉ አይተናል ብለን ፈርመናል።»

«ሲጽፍ አይተነዋል እኮ! ውሸት አይደለም።»

«የይለፍ ቃል ነበር የሚጽፉት፣ ስቪለን። አንተም ታውቃለህ።»

ስቪለን አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ። «አባቴ ለቡርጋስ ብሎ ነው ጀርመን ካለው ሥራው ፈቃድ የወሰደው» አለ፣ አሁን ያለ ቀልድ። «ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ስወዳደር አይቶኝ አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

ቦያና አባቱን ታውቃቸዋለች። ብስክሌት መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። መልስ ፈለገች፤ እሱን የማይጎዳ፣ ሽማግሌውንም የማይጎዳ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገባለሁ» አለችው።

«ገብተሽስ?»

«እገባለሁ አልኩህ።»

*

ወይዘሮ ቶንቼቫ የጋሽ ራዶይን አዲስ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«‹የኛዋ አ› ማለት ምን ማለት ነው፣ አቶ ራዶይ?»

ጋሽ ራዶይ ቆመው አስረዱ። ስለ ክብደቱ፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ ሁለቱ አደራደሮች። ቦያና እንዳገኘችውም ተናገሩ። ሲጨርሱ ወይዘሮ ቶንቼቫ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ከጠዋት ጀምሮ ከማሞቂያው ጠጋኝ፣ ከወላጆች፣ ከቢሮው ጋር ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሴት ናቸው።

«እናንተስ? የምትጨምሩት አለ?»

ስቪለን ጫማውን አየ። ቦያና ወረቀቱ ላይ ያለውን ፊርማዋን አየች።

«እንግዲያው ስሙኝ» አሉ ዳይሬክተሯ። «አንዲት ፊደል ለማሳደድ አሥራ ሁለት ልጆች አላስለቅስም። ‹ምክንያቱ ያልታወቀ የቴክኒክ ብልሽት› ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ ቡርጋስ ይሄዳሉ። ውድድሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል፤ ለዚያ ግን ቢሮው ከውጭ ድርጅት ባለሙያ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ ምክንያቱ ላልታወቀ ነገር ዋስ መሆን አልችልም። አቶ ራዶይ፣ እርስዎ እስከ ሰኔ ዕቃ ቤቱን ይይዙልኛል። ለሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ተስማማን?»

ስቪለን የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው።

ጋሽ ራዶይ የሸሚዛቸውን እጅጌ ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉት። «ዕቃ ቤቱም ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ወይዘሮ ቶንቼቫ እስክሪብቶ አነሱ። ቦያና ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አየች፣ የመጀመሪያው ቃል ሲጀመርም አየች። ከዚህ በኋላ ማንም የማይጠይቃት መሆኑ ገባት። ዝም ብትል ማንም ደግሞ ዋሸሽ አይላትም። ከወንበሯ ተነሳች።

«ምክንያቱ ያልታወቀ አይበሉ» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ።

ብዕሩ ቆመ። ስቪለን ቀና ብሎ አያት።

«ፊርማዬን ከዚያ ወረቀት ላይ አነሳለሁ። ሐሙስ ስክሪፕቱ ሲከፈት እዚያ ነበርኩ፤ ፊደሏን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሴቭ ያደረግሁትም እኔ። ስቪለን የራሱን ራሱ ይናገራል። እርስዎ ሪፖርቱ ላይ የእኔን ስም ይጻፉ። ቡርጋስ አልሄድም።»